ካፒቴን ጄምስ ኩክና የመርከብ ላይ የሆድ ደዌ

በመዝናኛ መርከቦች ላይ በየጊዜው የሚነሣው የትውከትና የተቅማጥ ወረርሽኝ ለጤና ጥበቃ ባለሙያዎች አዲስ ወሬ አይደለም። የዚህ ደዌ ዋና መንሥኤ የሆነው ኖሮቫይረስ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰውን ይለክፋል፤ በበር እጀታ፣ በደረጃ መደገፊያና በገበታ ዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያል፤ እጅን በአልኮል ማበስም በሳሙናና በውኃ የመታጠብን ያህል አያስወግደውም። መንገደኞቹ ጉዟቸውን ፈጽመው ሲወርዱ ሌሎች በቦታቸው ይተካሉ፤ መርከቡና ሠራተኛው ግን እዚያው ናቸው። ስለዚህም በአንዱ ጉዞ የታየው ሕመም በሚቀጥለውም ጉዞ ብቅ ይላል። የሚደረገው መከላከያ የታወቀ ነው፤ የታመመውን ከክፍሉ እንዳይወጣ ማድረግ፣ እጅ የነካውን ሁሉ በክሎሪን መወልወል፣ መንገደኛው ምግቡን ከጋራ ሳህን በገዛ እጁ እንዳያነሣ መከልከል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ደዌው ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመታት በፊት፣ ስለ ቫይረስም ሆነ ስለ ባክቴሪያ ምንም ባልታወቀበት ዘመን፣ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ትግል የገጠመው ሰው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ነበር። ዓለም ኩክን የሚያውቀው በደቡብ ባሕሮች ካርታ አንሺነቱ ነው። የመርከብ ጤና አጠባበቅ ታሪክ ግን ከካርታው ባላነሰ ባለውለታው ነው፤ ድሉ ብቻ ሳይሆን ሽንፈቱም ትምህርት ሆኖ ቆይቷልና። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩክ በ1728 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር አውራጃ፣ ማርተን በምትባል መንደር ከአንድ የእርሻ ሠራተኛ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ ስቴይዝስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር በአንድ ባለሱቅ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ከባሕሩ ላይ ስለ ነበረ በ1746 ዓ.ም. ዊትቢ ከተማ ጆን ዎከር ከተባለ የመርከብ ባለቤት ዘንድ ለሥራ ልምምድ ገባ። ዎከር ክዌከር የሚባለው የሃይማኖት ወገን አባል ሲሆን፣ በቤቱ ጭምትነትና ንጽሕና የጸና ሕግ ነበር። ኩክ በድንጋይ ከሰል ማመላለሻ መርከቦች ላይ እየሠራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ መርከብ ሊሾምለት ሲል ይህን ትቶ በ1755 ዓ.ም. ተራ መርከበኛ ሆኖ በንጉሡ የባሕር ኀይል ተመዘገበ።

በዚያን ዘመን በጦር መርከብ ላይ ከጠላት ጥይት ይልቅ ደዌ የሚገድለው ሰው ይበዛ ነበር። በ1758 ዓ.ም. ኩክ የሚያገለግልበት ፔምብሮክ የተባለው መርከብ አትላንቲክን ሲሻገር 26 ሰዎች ሞቱበት፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ስለ ታመሙ መርከቡ ለሉዊስበርግ ከበባ በጊዜው ሊደርስ አልቻለም። ስለ መርከበኞች ጤና ኩክ ኋላ ያሳየው ግትርነት ከየት እንደ መጣ ለሚጠይቅ፣ መልሱን ከዚህ ጉዞ ቢፈልግ አይሳሳትም።

በ1768 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በሌተናንት ማዕረግ፣ ኢንደቨር በተባለው መርከብ 94 ሰዎችን ይዞ ከፕሊመዝ ወደብ ተነሣ። መርከቡ ርዝመቱ 32 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይጫንበት የነበረ ነው። ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት በመሆኑም ኩክ ገና ከመጀመሪያው ሥርዓቱን አጠበቀ። የመኝታ ጨርቅ አየርና ፀሐይ እንዲያገኝ በየጊዜው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የታችኛው ክፍል ይታጠባል፤ እርጥበቱ እንዲደርቅ እሳት በብረት ዕቃ ሆኖ ይገባበታል። ተረኞቹን በሁለት ፈንታ በሦስት ወገን ስለ ከፈላቸው፣ እያንዳንዱ ሰው በቂ እንቅልፍ የሚተኛበትና የረጠበ ልብሱን የሚለውጥበት ጊዜ አገኘ። የወጥ ቤቱ የመዳብ ድስቶች ንጹሕ እንዲሆኑ ይቆጣጠር ነበር፤ ጨው ከበዛበት ሥጋ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብም ሰው እንዳይበላው ከለከለ። ወደ መሬት በተጠጋ ቁጥር፣ በበርሜል ያለው ውኃ ሳያልቅ እንኳ አዲስ ውኃ ያስቀዳ ነበር።

መርከበኛ በባሕርዩ አዲስ ምግብ አይወድም። ጉዞው ሲጀመር በማዴራ ደሴት ትኩስ የበሬ ሥጋ አንበላም ያሉ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 12 ጅራፍ ተገረፉ። በጨው የኮመጠጠውን ጥቅል ጎመን በተመለከተ ግን ኩክ ብልኀትን መረጠ፤ ጎመኑ በየቀኑ በሹማምንቱ ገበታ እንዲቀርብ አደረገና ተራው መርከበኛ ቢሻ እንዲበላ ባይሻ እንዲተው ፈቀደለት። አለቆቹ የሚመገቡትን ያየ ሁሉ ጎመኑን የክብር ምግብ አድርጎ ስለ ቈጠረው ሳምንት ሳይሞላ በልክ ማደል ግድ ሆነ። የጤና ትምህርት እንዲህ ባለ ዘዴ ሲሠራ ከጅራፉ ይበልጣል።

መርከቡ በታሂቲ አቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ቆየ፤ ኒው ዚላንድን ዞረ፤ የአውስትራሊያንም ምሥራቃዊ ጠረፍ ተከትሎ ሲጓዝ በ1770 ዓ.ም. ሰኔ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላትሞ ሊሰጥም ምንም አልቀረውም። በጥቅምት ወር ባታቪያ፣ ማለት የዛሬዋ ጃካርታ ሲደርስ፣ ኩክ በሕመም የሞተበት ሰው እንደሌለ በኩራት ለመንግሥቱ ጻፈ። ይህ በጥብቅ ሲመረመር ፍጹም ትክክል አይደለም፤ ቀደም ብሎ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ መርከበኛ ነበርና። ሆኖም በስኩርቪ፣ ማለት በአትክልትና ፍራፍሬ እጦት በሚመጣው የመርከበኞች ደዌ፣ አንድም ሰው አለመሞቱ በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን አሳዛኝ ነው። የተጎዳው መርከብ እስኪጠገን ድረስ ሰዎቹ ሁለት ወር ተኩል ያህል በባታቪያ ቆዩ። ሆላንዶች በአገራቸው አምሳል የቈፈሯቸው ቦዮች በቆላው ሙቀት ውኃቸው ቆሞ ቆሻሻ ተከማችቶባቸው ነበር፤ ወባና ተቅማጥም በከተማው ነግሠው ነበር። ከታሂቲ አብሯቸው የመጣው ጠቢቡ መርከብ መሪ ቱፓያና ልጅ አገልጋዩ ታያታ እዚያ ሞቱ። የመርከቡ ሐኪም ዊልያም መንክሃውስም ሞተ። በጠቅላላው ሰባት ሰዎች ተቀበሩ። ከመላው ሠራተኛ ያልታመመው አንድ ሸራ ሰፊ ሽማግሌ ብቻ እንደ ነበረ፣ እርሱም በየቀኑ ሲሰክር የሚውል እንደ ነበረ ኩክ በመዝገቡ አሳስቦታል። ሽማግሌው ምናልባት ውኃውን ስላልጠጣ ይሆናል ለማለት ያስደፍር ነበር፤ ይሁን እንጂ እርሱም ከከተማው ከወጡ በኋላ እንደ ጓደኞቹ ሞተ።

ኢንደቨር በታኅሣሥ 26 ቀን 1770 ዓ.ም. ከባታቪያ ሲነሣ ከአርባ የማያንሱ ሕመምተኞች ይዞ ነበር። በጥር ወር መጀመሪያ ፕሪንስ በምትባል ደሴት ቆሞ እንጨትና ውኃ ጫነ። የህንድን ውቅያኖስ ሲሻገርም ደም የቀላቀለው ተቅማጥ በመርከቡ ውስጥ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። የከዋክብት ሊቁ ቻርልስ ግሪን፣ ሠዓሊው ሲድኒ ፓርኪንሰን፣ የመርከቡ አናጢና ሌሎችም ተራ በተራ ሞቱ። ሬሳ ወደ ባሕር የማይወርድበት ቀን እያነሰ ሄደ። ሸራውን የሚስብ ጤነኛ ሰው እስኪታጣ ድረስም ደረሰ።

ኩክ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ከፕሪንስ ደሴት የተቀዳውን ውኃ ስለ ጠረጠረ በበርሜሎቹ ውስጥ ኖራ አስጨመረበት፤ በታችኛው ክፍል ያለውንም ሁሉ በኮምጣጤ አሳጠበ። ጥርጣሬው ከዘመኑ የቀደመ ነው፤ ጆን ስኖው የኮሌራን መንገድ በለንደን የውኃ ጉድጓድ ላይ ያሳየው በ1854 ዓ.ም. ነበርና። ኖራም በበቂ መጠን ሲጨመር ውኃውን አልካሊ ስለሚያደርገው ባክቴሪያዎችን ይገድላል። ታዲያ ስለ ምን ደዌው አልቆመም? ምክንያቱን ዛሬ መገመት አያስቸግርም። በሽታው ወደ መርከቡ የገባው በውኃው ብቻ ሳይሆን በሰዎቹ አንጀት ጭምር ነበር። በጦር መርከብ ሥርዓት ለአንድ ሰው ተንጠልጣይ አልጋ የሚፈቀደው ስፋት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መጸዳጃው ከመርከቡ አፍንጫ ላይ ስለ ነበረ፣ አቅም ያጣ ሕመምተኛ እዚያ ሊደርስ ስለማይችል በተኛበት ይጸዳዳል፤ ይህን የሚያነሣው እጅ መልሶ ብስኩት ያድላል። ኮምጣጤ ሽታውን አራቀ እንጂ እጅን አላጠበም። ኩክ መርከቡን አጽድቷል፤ ደዌው ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄድ ነበር።

መጋቢት 1771 ዓ.ም. ኬፕ ታውን ሲደርሱ ከባታቪያ ወዲህ የሞቱት ከሃያ በልጠው ነበር። ጉዞው በሐምሌ ወር ሲፈጸም ኩክ ዝናን አገኘ፤ ዝናው ግን በሐዘን የተሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ባታቪያ አልተመለሰም። በ1772 ዓ.ም. ሬዞሉሽንና አድቬንቸር የተባሉ ሁለት መርከቦችን ይዞ ሲወጣ የቀድሞውን ሥርዓት አጽንቶ፣ ከብርቱ ጸሎት ባልተናነሰ ትጋት ይከታተለው ነበር። በሌላ ካፒቴን የሚመራው አድቬንቸር በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ያህል ሰዎች በስኩርቪ ሲታመሙበትና ወጥ ሠሪው ሲሞትበት፣ በዚያው ባሕር የሚጓዘው ሬዞሉሽን ግን ደኅና ነበር። ልዩነቱ ስንቅ አልነበረም፤ የአለቃው ክትትል እንጂ። በየካቲት 1774 ዓ.ም. ኩክ ራሱ በብርቱ የሆድ ሕመም ወደቀ። ሐኪሙ ጄምስ ፓተን ሌት ተቀን አስታመመው፤ ትኩስ ሥጋ ስላልነበረም የተፈጥሮ ሊቁ የፎርስተር ውሻ ታርዶ በመረቁ አገገመ። ሦስት ዓመት በፈጀው ጉዞ ሬዞሉሽን ያጣው አራት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ከእነርሱም በደዌ የሞተው አንድ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር በ1776 ዓ.ም. የኮፕሊ ሜዳይ ሸለመው። ሽልማቱ ሲነገር ግን እርሱ ለሦስተኛ ጉዞው ወጥቶ ነበር። ለማኅበሩ ያቀረበው ጽሑፍ ጉድለት እንዳለበት መሸሸግ አይገባም። ኩክ ጎመኑን፣ የብቅሉን ጭማቂ፣ ጽዳቱን፣ እንቅልፉንና ትኩስ ቅጠሉን በአንድነት ስለ ተጠቀመ፣ ከእነዚህ የትኛው እንደ ፈወሰ ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም። ብቅሉን ከሚገባው በላይ አመሰገነ፤ የሎሚውንና የብርቱካኑን ጭማቂ ግን ናቀ። ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ በ1747 ዓ.ም. 12 ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ የብርቱካንና የሎሚን ብልጫ አሳይቶ ነበር። የኩክ ዝና ግን ከሊንድ ሙከራ ይልቅ ተሰማ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል የሎሚ ጭማቂን ለሁሉ ማደል የጀመረው በ1795 ዓ.ም. ነው።

ሦስተኛው ጉዞ ሌላ ሰው የሄደበት ይመስላል። ኩክ ግልፍተኛ ሆነ፤ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ከቀድሞው የአንጀት ሕመሙ ጋር ያያይዙታል። በ1778 ዓ.ም. በሰሜኑ ባሕር የዋልረስ ሥጋ አንበላም ያሉትን ሰዎች የተለመደ ስንቃቸውን ከለከላቸው፤ ኋላ ግን እርሱ ራሱ ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ ከሸንኮራ አገዳ የተጠመቀውን መጠጥ ባልቀበሉ ጊዜም አረቄያቸውን አስቀረባቸው። ጎመኑን በብልኀት ያስለመደው ሰው አሁን በትእዛዝ ብቻ ይገዛ ነበር። ከዚህ የከፋው ነገር ግን በደሴቶቹ ሰዎች ላይ የደረሰው ነው። በጥር 1778 ዓ.ም. ሃዋይ ሲደርስ፣ የአባለዘር በሽታ ያለበት መርከበኛ ከመርከብ እንዳይወርድ፣ ሴቶችም ወደ መርከብ እንዳይወጡ አዘዘ። ትእዛዙን ጠባቂዎቹ ራሳቸው አልጠበቁትም። በኅዳር ወር ሲመለስ በሽታው ከደሴት ወደ ደሴት ተዛምቶ አገኘው። የራሱን ሰዎች ከወደብ ደዌ ለማዳን የደከመ አዛዥ፣ ወደቡን ከሰዎቹ ደዌ ለማዳን ሳይችል ቀረ።

በየካቲት 14 ቀን 1779 ዓ.ም. በኬአላኬኩዋ የባሕር ወሽመጥ፣ ስለ ተሰረቀ ጀልባ በተነሣ ጠብ ተገደለ። ከእርሱ በኋላ አዛዥ የሆነው ቻርልስ ክላርክ ከእንግሊዝ ሲነሣ በያዘው የሳንባ ነቀርሳ በነሐሴ ወር ሞተ። መርከቦቹ አገራቸው የገቡት በ1780 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ከአራት ዓመት ጉዞ በኋላ በሬዞሉሽን ላይ በሕመም የሞቱት አምስት ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ሦስቱ ገና ከእንግሊዝ ሲነሡ ጤናቸው የታወከ ነበር። በዲስከቨሪ ላይ ግን በሕመም የሞተ አንድም ሰው አልነበረም።