ዐፄ ፋሲልና የግንቡ ባለሙያዎች

አንድ ሕንፃ ጸንቶ ሲኖር የሚመሰገነው ያሠራው ሰው ነው። ሲፈርስ ግን ማን ገነባው ተብሎ ይጠየቃል። ሕንፃን የሚያቆመው የባለቤቱ ሀብትና ሥልጣን ነው ወይስ የባለሙያው ዕውቀት? የጎንደር ከተማ መሥራች የዐፄ ፋሲል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ዐፄ ፋሲል የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ ናቸው። በ1596 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ መጋዘዝ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው አገሩ በጦርነት ብዙ ታወከ። በመጨረሻም ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው፣ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። አዲሱ ንጉሥም የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሚሲዮናውያን ከአገር አስወጡ።

ነገር ግን ሰዎቹን ሲያስወጡ፣ በዚያ ዘመን የተስፋፋውን የኖራ ግንባታ አብረው አላስወጡም። ከጥበቡ የሚገኘውን ጥቅም ከሃይማኖቱ ጠብ ለይተው ማየታቸው የአስተዋይነታቸው ምልክት ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወሩ ነበር። የአንዱ ሰፈር ማገዶ ሲያልቅ ሌላ ይፈለጋል። ዐፄ ፋሲል ግን በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። በአራት ማዕዘኑ ክብ ማማዎች ያሉትን፣ በጥቁር ድንጋይ የተገነባውን ታላቅ ግንብም አሠሩ።

የዚህ ግንብ ምስጢር ኖራው ነው። የኖራ ድንጋይ በእቶን በብርቱ እሳት ይቃጠላል፤ በውሃ ይበርዳል፤ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ከተለሰነም በኋላ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ንጉሥ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቀው የበላይ አልነበረውም። ኖራው ግን የንጉሥ ትእዛዝ ሰምቶ ቶሎ አይደርቅም። ዐፄ ፋሲልም በዚህ ረገድ ለግንበኛው ሕግ መገዛት ነበረባቸው።

ታዲያ ግንበኞቹ እነማን ነበሩ? በ1640 ዓ.ም. ጎንደርን የጎበኘው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ፣ የግንቡ ሠሪ ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁ ነበሩ፤ ለአገልግሎታቸውም ከነገሥታቱ መሬትና ማዕርግ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን ብዙ ዘመን የቆየ ክፉ ልማድ ነው። የንጉሡ ስም በግንቡ ላይ ሲኖር፣ የጠራቢውና የግንበኛው ስም ተረሳ።

ዐፄ ፋሲል ድልድዮችንና አብያተ ክርስቲያናትን አሠርተው፣ በ1660 ዓ.ም. ዐረፉ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። ግንባቸው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በጣልያን ወረራ ዘመን ለጥገና የገባው ሲሚንቶ ለጥንቱ ግንብ ተስማሚ ስላልነበረ፣ ኋላ በዩኔስኮ እርዳታ በተደረገው እድሳት ተነሥቶ በኖራ ተተካ። አዲስ ነገር ሁሉ ለአሮጌው መድኃኒት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕንፃ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ፣ ፕላኑንም የሕንፃ ሹም መርምሮ እንዲያጸድቅ ደነገገ። ከቀላል ቤት ከፍ ላለ ሕንፃም የተመዘገበ ባለሙያ እንዲነድፈውና ኃላፊነቱን እንዲወስድ አዘዘ። በዚህ ሥርዓት የባለሙያው ስም እንደ ጎንደር ግንበኞች አይጠፋም፤ ለምስጋናም ለተጠያቂነትም በወረቀት ላይ ይቀራል።

ነገ በፕላን ላይ የምትፈርሙ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ! ፊርማችሁ የሚጠብቀው ከጣሪያው በታች የሚያድረውን ሕይወት ነው። ባለጉዳዩ ቢቸኩል፣ ባለሥልጣኑም ቢቆጣ፣ ያልደረቀ ግንብ ደርቋል ብላችሁ አትፈርሙ። ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው ዐፄ ፋሲል እንኳ ኖራው እስኪጠነክር መታገሥ ግድ ሆኖባቸዋልና።