ዐፄ ቴዎድሮስና የጣናው መርከብ

ትልቅ ነገር ለመሥራት አስቀድሞ የሚሠራበትን ቦታ ማበጀት ያስፈልጋል። አንጥረኛ ማረሻ ከማውጣቱ በፊት ወናፉን ያዘጋጃል። ይህን ከነገሥታታችን መካከል ቀድመው ከተረዱት አንዱ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የቀድሞ ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ሳይቀናቸው ቀረ። በዚያም ጀግንነት ብቻውን የመድፍን አፍ እንደማይዘጋ በዓይናቸው አዩ። መሳፍንቱን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላም ይህ ሐሳብ ከልባቸው አልወጣም።

ስለዚህ ወንጌል ሊሰብኩ ከመጡት አውሮፓውያን መካከል የእጅ ሥራ የሚያውቁትን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሩ። እነርሱም በመጀመሪያ ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር። ቀጥሎ ማቅለጫ ምድጃ ተሠራ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሥራውን ተማሩ። የጋፋት ሥራ እያደር አድጎ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ተሠራ።

በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በዚህ በዳሞት አገራችን ሰፍረው ሳሉ የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም መጥቶ አገኛቸው። ከዚያም በጣና ዳር ወደምትገኘው ወደ ዘጌ ወረዱ። በእንፋሎት ስለሚሄድ መርከብ ያውቁ ነበርና ደንገል በብዛት አሳስረው፣ ሳንቃ አስነጥፈው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኰራኩር አስገጥመው ሞከሩ። ነገር ግን ታንኳ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ብዙ ሰውና መድፍ ተሸክሞ አይሰነብትም። ለእውነተኛ መርከብ ጥሩ ሳንቃ፣ ሞተርና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ንጉሡም በሚያዝያ ወር ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያና መሣሪያ ጠየቁ። ዳሩ ግን ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ነበርና የተቀጠሩት ባለሙያዎች ከምጽዋ አላለፉም።

በዚያው በ1858 ዓ.ም. ጃፓኖች በፈረንሳዊው መሐንዲስ በቬርኒ መሪነት በዮኮሱካ የመርከብ መሥሪያ ጀመሩ። በ1860 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው መንግሥት ወደቀ፤ አዲሱ መንግሥት ግን አላፈረሰውም፤ ቀጠለበት። ከጊዜ በኋላም ከዚያ ታላላቅ የጦር መርከቦች ወጡ።

በእኛ አገር ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ሠራዊቱ የገበሬውን እህልና ከብት ይበላ ስለ ነበር ሕዝቡ ተማረረ፤ በጎጃምም ተድላ ጓሉ ሸፍቶ ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ገደሉን እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዞች ጋር ወጡ፤ ምድጃውም ጠፋ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ ይታያል።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች ሆይ! የዐፄ ቴዎድሮስ ሐሳብ ትንሽ አልነበረም። የጎደለው ሥራውን የሚወድለትና ከእርሳቸው በኋላ የሚረከብ ሕዝብ ነበር። በአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ የቆመ የሥራ ቤት ከሰውየው ጋር ይወድቃል። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን መዶሻ ብንይዝ ወይም ብዕር ብንጨብጥ፣ የምናውቀውን ለታናናሾቻችን እያስተማርን እንሥራ፤ ያን ጊዜ እኛ ብናልፍም ምድጃው አይጠፋም።