የበስራው ዳቦና ዓሣ ሻጭ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ለዚህ ገጽ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ከወጣቶች የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት ውሎ ማታ ደክሞት የሚገባ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚጽፈው? ቢጽፍስ ማን ያነብለታል? ይላሉ። ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች በምክር ከመመለስ የአንድ ሰው ታሪክ መንገር ይሻላል ብዬ አቡ ዑስማን ዐምር ኢብኑ በሕርን መርጫለሁ። ዓለም የሚያውቀው አል-ጃሂዝ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ዓይኖቹ ፈጠጥ ያሉ ስለነበሩ የወጣለት ስም ነው።

ጃሂዝ የተወለደው በኢራቋ የበስራ ከተማ በ160 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ (እ.ኤ.አ. 776 ገደማ) ነው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ የበኑ ኪናና ጎሳ ጥገኞች ነበሩ፤ አያቱም ግመል ነጂ ጥቁር ሰው እንደነበሩ ተጽፏል። ልጁ ሲሓን በሚባለው ቦይ ዳር ዳቦና ዓሣ እየሸጠ አደገ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናየው ሰው ከሹም ቤት የወጣ፣ ሞግዚትና መምህር የተቀጠረለት እንዳይመስለን።

ነገር ግን በስራ ለጆሮ የተመቸች ከተማ ነበረች። በመስጂዱ ውስጥ ኡለማዎች ክብ ሠርተው ያስተምራሉ፤ ከከተማው ዳር ባለው ሚርበድ በተባለ ገበያ ደግሞ ከበረሃ የሚመጡ ዐረቦች ግጥማቸውን ያሰማሉ። ጃሂዝ በሁለቱም ቦታ ተገኘ። ቋንቋን ከአስመዒና ከአቡ ዑበይዳ፣ ክርክርን ከነዟም ተማረ። መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው የኪታብ ገልባጮችን ሱቅ ለሌሊት እየተከራየ በውስጡ ሲያነብ ያድር እንደነበር ይነገራል። ዘመኑ ወረቀት በባግዳድ መሠራት የጀመረበት፣ መጽሐፍ ከብራና ዋጋ መላቀቅ የያዘበት ስለነበር ሱቆቹ በየጊዜው አዲስ ነገር ነበራቸው።

ስለ እናቱም የሚተረክ አለ። አንድ ቀን ምግብ ሲጠይቃት በምግቡ ፈንታ ደብተሮቹን በትሪ ደርድራ አቀረበችለት። ልጁ አዝኖ ወጣ። በመንገድ ላይ አንድ ባለጸጋ አግኝቶት ነገሩን ሲሰማ 50 ዲናር ሰጠው፤ እሱም ዱቄትና ሌላም ቀለብ በተሸካሚ አስጭኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ብትጠይቀው በትሪ ካቀረበችለት ደብተር መሆኑን ነገራት። ብዙዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት እናቲቱን ለማሳፈር ነው፤ እኔ ግን በእሷ አልፈርድም። ምድጃው የቀዘቀዘባት እሷ ናት፤ ዓሣው ካልተሸጠ እራት እንደሌለም ታውቃለች። መጽሐፍ የሚወድ ልጅ ያለበት ድሃ ቤት ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል።

መጻፍ ሲጀምር የገጠመው መከራ ሌላ ነበር። በራሱ ስም ያወጣውን መጽሐፍ ምቀኞች ይነቅፉበታል። ስለዚህ ከዚያ ያነሰ ሥራ ጽፎ እንደ ኢብኑል ሙቀፈዕ ባሉ በሞቱ ታላላቅ ጸሐፊዎች ስም ያወጣው ነበር፤ እነዚያው ነቃፊዎች ግን ያንን መጽሐፍ እየቀዱ ያጠኑታል፣ ያመሰግኑታል። ይህን ራሱ በሌላ ጽሑፉ ተርኮታል። ሐሰት ነውና ዛሬ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም፤ ቢሆንም ሰውየው በነቀፋ ምክንያት ብዕሩን አለማስቀመጡን ልብ ይሏል።

ኸሊፋው መእሙን ስለ ኢማማ የጻፈውን ካነበበ በኋላ በሩ ተከፈተለት። በቤተ መንግሥቱ የጽሕፈት ዲዋን ሹመት ተሰጥቶት በ3 ቀን ውስጥ ይቅርብኝ ብሎ ወጣ ይባላል። ከዚያ በኋላ የኖረው በአብዛኛው መጽሐፍ ጽፎ ለባለሥልጣን በማበርከት ነው። «ኪታቡል ሐየዋን»ን ለወዚሩ ኢብኑ ዘያት፣ «አል-በያን ወት-ተብዪን»ን ለዋናው ቃዲ ለኢብኑ አቢ ዱኣድ፣ ስለ እርሻና ስለ ተምር ዛፍ የጻፈውን ለኢብራሂም አስ-ሱሊ አቅርቦ ከእያንዳንዳቸው 5,000 ዲናር እንደተቀበለ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ አንድ መሸፋፈን የሌለበት ነገር አለ። ጃሂዝ ሙዕተዚላ ነበር። ኢብኑ አቢ ዱኣድ ማለት ደግሞ ቁርኣን ፍጡር ነው ያላለውን ዓሊም በሚያሳድደው ፈተና ግንባር ቀደም የነበረ ሰው ነው። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል በሙዕተሲም ዘመን ሲገረፉ ጃሂዝ ከገራፊዎቹ ማዕድ ይበላ ነበር። በዐቂዳው አንከተለውም፤ በዚህም አናመሰግነውም። የሹም ዳቦ የሚያመጣውን እሱም አየው፤ እ.ኤ.አ. በ847 ኢብኑ ዘያት ሰው ሊያሠቃይበት ባሠራው የብረት ምድጃ ውስጥ ራሱ ተሠቃይቶ ሲሞት ጃሂዝ ሸሽቶ ነበር፤ ተይዞም በሰንሰለት ታስሮ ቀረበ። ያዳነው የአንደበቱ ቅልጥፍና ነው።

ወደ አጻጻፉ ልመለስ፤ የወጣቶቹ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና። ጃሂዝ የሚጽፈውን የሚያገኘው ከኪታብ ብቻ አልነበረም። ስለ እንስሳት ሲጽፍ መርከበኞችን፣ ዓሣ አጥማጆችን፣ እባብ አዳኞችን ይጠይቃል፤ አርስቶትል ሳይታይ የተነገረ ነገር ሲያወራ ካገኘውም ከመሞገት አይመለስም። «ኪታቡል ቡኸላእ» የተባለው ስለ ስስታሞች የጻፈው መጽሐፍ በበስራ መስጂድ ተሰብስበው የቁጠባ ዘዴ የሚለዋወጡ ሰዎችን ያሳየናል። ከእነሱ አንዱ ሳል ይይዘዋል። የታዘዘለት መድኃኒት ውድ ስለሆነበት ፉርሽካ አፍልቶ ውሃውን ጠጣ፤ ሳሉ ቀለለው፤ ረሃቡም ጠፋ። ወዲያው ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ጠዋት ይህንኑ እንዲጠጣ አዘዘ፤ ሚስቱም የተፈላውን ፉርሽካ አድርቃ በገዛችበት ዋጋ መልሳ እንድትሸጠው መከራት። ይህን ለመጻፍ ቤተ መንግሥት መግባት ያስፈልጋል? ጆሮ ሰጥቶ መስጂድ ደጃፍ መቀመጥ ይበቃል።

ደግሞም መጀመሪያ በወጣው ቃል አይረካም ነበር። ጸሐፊ ሰው ሁሉ ጠላቱ፣ ሁሉም አዋቂ፣ ሁሉም ለእሱ ስህተት ፍለጋ ሥራ የፈታ እንደሆነ ቆጥሮ እንዲጽፍ፣ ጽሑፉንም ጥሬውን እንዳይለቅ በ«ሐየዋን» ውስጥ ያሳስባል። አንባቢው እንዳይሰለች ከቁም ነገር ወደ ቀልድ ይዞት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ርዕሱን ጥሎ ሩቅ መሄዱ እኔንም ያደክመኛል።

እኛን የሚመለከት አንድ መልእክትም ጽፏል። ጥቁሮች የሚኮሩበትን ሁሉ የሰበሰበበት ነው፤ ሉቅማንን፣ ቢላልን፣ የሐበሻውን ነጃሺ ሳይቀር ያነሳል። የአያቱን ቆዳ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ተራ የክርክር ልምምድ ብቻ ነበር ብዬ አላምንም።

«ሐየዋን»ን የጻፈው ታሞ ነው። የበሽታውን ጽናት፣ የረዳት ማነስን፣ የመጽሐፉን ርዝመት እንደ እንቅፋት ቆጥሮ እዚያው ጽፎታል። በእርጅናው ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ፤ ሌላውን ጎኑን ሪህ ያሠቃየው ነበር። በዚህ ሁኔታ ወደ በስራ ተመልሶ በሙሐረም 255 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ868 መጨረሻ ወይም በ869 መጀመሪያ) ሞተ። የመጽሐፍ ክምር ወድቆበት ሞተ የሚለው ወሬ ለሰሚው ያማረ ነው፤ ዘጠና ዓመት ያለፈውን ሽባ ሰው ለመግደል ግን ክምር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከ200 በላይ ሥራዎች እንደነበሩት ይቆጠራል። አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ 5,000 ዲናር የተከፈለበት የተምር ዛፍ መጽሐፍም ከጠፉት አንዱ ነው። ፉርሽካ ያፈላው ስስታም ግን በገልባጮች እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1900 ሌይደን ውስጥ ታተመ።