ሮበርት ቡንሰንና የነበልባል ቀለም

ስሙ በየቤተ ሙከራው ከጋዝ ማንደጃ ጋር ተቆራኝቶ የቀረው ሮበርት ቪልሄልም ቡንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ ተወለደ። ማንደጃው ስሙን አስጠራለት፤ ትልቁን ሥራውን ግን ሸፈነበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በወጣትነቱ አርሴኒክ ያለባቸውን ውሁዶች ሲመረምር ዕቃው ፈንድቶ የመስታወት ስብርባሪ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው፤ መርዙም ለሞት አቅርቦት ነበር። እንግዲህ ቀለምን በመለየት ላይ የቆመው የኋላ ምርምሩ ሁሉ በአንድ ዓይን የተከናወነ ነው።

የዘመኑ ርችት ሠሪዎች የስትሮንሺየም ጨው ቀይ፣ የባሪየም አረንጓዴ፣ የመዳብ ሰማያዊ ነበልባል እንደሚሰጥ በልምድ ያውቁ ነበር። ለኬሚስት ግን ቀለሙን ማየት አይበቃም፤ የማን እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። የጋዝ መብራት ነበልባል ደግሞ ራሱ ቢጫና ጥላሸታም ስለነበረ የሌላውን ቀለም ይደብቃል። ቡንሰን በ1852 ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ ጋዙ ከመቀጣጠሉ በፊት ከአየር ጋር የሚደባለቅበትን ማንደጃ አሰበ፤ መሣሪያ ሠሪው ፔተር ዴሳጋ በ1855 ሠራለት። ሐሳቡ ቀደም ሲል በሌሎችም ተሞክሯል፤ ቡንሰንም የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም። የተገኘው ነበልባል እጅግ ትኩስ፣ ቀለም የለውም ለማለትም የሚያስደፍር ነበር።

ሶዲየም ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ። ከአቧራ ጋር የሚበን ኢምንት የገበታ ጨው ነበልባሉን ቢጫ አድርጎ የፖታሲየምን ፈዛዛ ሐምራዊ ይውጠዋል። ቡንሰን በባለቀለም መስታወትና ፈሳሽ እያጣራ ሊለያቸው ሲደክም፣ ባልደረባው የፊዚክስ ሊቁ ጉስታፍ ኪርሆፍ ብርሃኑን በፕሪዝም መበተን እንደሚሻል መከረው። በ1859 በሠሩት ስፔክትሮስኮፕ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በየራሱ መስመሮች ታየ፤ አንዱ ሌላውን መሸፈኑ ቀረ። አንድ ሌሊት ማንሃይም ላይ የተነሣውን ቃጠሎ ከሃይደልበርግ ሆነው በዚሁ መሣሪያ ሲመለከቱ የባሪየምንና የስትሮንሺየምን መስመሮች እንዳገኙ ይተረካል።

በ1860 የዱርክሃይምን የማዕድን ውሃ ሲመረምሩ የማንም ያልሆኑ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ብቅ አሉ። ስሙን ከላቲን ቃል ወስደው ሲዚየም አሉት። 44,000 ሊትር ያህል ውሃ ተነኖ የተገኘው ሲዚየም ክሎራይድ 7.3 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። የሚያስቆጨው ግን የፕላትነር ዕጣ ነው። ይህ ጀርመናዊ ኬሚስት ሲዚየም የሞላበትን ፖሉሳይት የተባለ ማዕድን በ1846 መርምሮ ድምሩ ከመቶ 93 ብቻ ሲሆንበት ምክንያቱን ሳያገኝ ቀርቷል፤ ሲዚየሙን ሶዲየምና ፖታሲየም ነው ብሎ ቆጥሮት ነበር።

በ1861 ደግሞ ሌፒዶላይት ከተባለ ማዕድን፣ ጥቁር ቀይ መስመሮች ያሉት ሩቢዲየም ተገኘ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ክሩክስ ታሊየምን በአረንጓዴ መስመሩ ለየው። በ1863 ራይክና ሪክተር ኢንዲየምን አገኙ፤ ራይክ ቀለም መለየት ስለማይችል በመሣሪያው የሚመለከተው ሪክተር ነበር።

እነዚህ ብርቅ ንጥረ ነገሮች ወደ ርችት አደባባይ ብዙም አልወጡም። ታሊየም መርዝ ነው፤ ሲዚየምና ሩቢዲየም ዋጋቸው አይቀመስም፤ ቀዩንም ስትሮንሺየም በርካሽ ይሰጣል። የሲዚየም ናይትሬት ሥራ ያገኘው ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በሚረጩ የሌሊት ማብሪያ ተኩሶች ውስጥ ነው።

ቡንሰን ትዳር አልመሠረተም። በ1889 ከማስተማር ሥራው ተሰናብቶ ቀሪ ዘመኑን ወደሚወደው የጂኦሎጂ ጥናት አዞረ። በ1899 በሃይደልበርግ አረፈ።