ቅዱስ ያሬድና የሕሊና ሥዕል

በበዓል ዋዜማ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል፥ እንዲሁም በገርጂና በሲኤምሲ በሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ካህናት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ለማኅሌት ሲቆሙ፥ የምንሰማው ዜማ የቅዱስ ያሬድ ነው። ነገር ግን ይህ የዜማ አባት በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ የሸሸ ተማሪ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስተውላለን?

ትውፊት እንደሚነግረን ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሞተ ጊዜ እናቱ እንዲያስተምረው ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። መምህሩ መዝሙረ ዳዊትን ሊያስተምረው ቢደክምም ቃሉ በልቡ አልጸናለትም፤ ስለዚህም ጓደኞቹ ዘበቱበት፥ መምህሩም ገረፈው። እንዲህ ባለው ልጅ ሕሊና አልችልም የሚል ሥዕል ይሣላል። ሥዕሉም ከተቀመጠ በኋላ እያንዳንዱን ስሕተት ለራሱ ምስክር ያደርገዋል፤ ልጁ ሲሳሳት ይፈራል፥ ሲፈራ ይረሳል፥ ሲረሳም አለመቻሉ የተረጋገጠ ይመስለዋል።

ያሬድም ተማሮ ሸሸ። ማይ ኪራህ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ፥ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲታገል ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከላይ ደረሰ፥ ከፍሬውም በላ። በዚያች ሰዓት የተለወጠው መዝሙሩ ወይም መምህሩ አልነበረም፤ በብላቴናው ሕሊና ያለው የውድቀት ሥዕል ነበር። እስከዚያ ድረስ መውደቅ የመንገዱ መጨረሻ መስሎ ይታየው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የመውጣቱ አንድ ክፍል ሆኖ ታየው። ስለዚህ ተነሥቶ ተመለሰ፥ አጎቱንም ይቅርታ ለመነ፤ እግዚአብሔርም አእምሮውን ገለጠለት።

ከዚህ በኋላ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች አቀናብሮ ድጓን፥ ጾመ ድጓን፥ ምዕራፍን፥ ዝማሬንና መዋሥዕትን ለቤተ ክርስቲያን አበረከተ። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራራዎች ሄዶ በምናኔና በማስተማር ኖረ። መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

እንግዲህ እኛ መምህራንና ወላጆች፥ ልጁን ሰነፍ ብለን በጠራነው ቍጥር በልቡ ሥዕል እንደምንሥል እንወቅ፤ በልጅነት የተሣለውን ሥዕል መፋቅ ብዙ ዘመን ይፈጃልና። በአንድ ኀጢአት ወይም በአንድ ክፉ ልማድ ደጋግሞ የወደቀ ወንድማችንም እኔ እንዲሁ ነኝ ብሎ ከንስሐ እንዳይርቅ፥ ውድቀቱን ሳይሆን መመለሻውን እናሳየው። ውድቀትን አቅልሎ ማየት አይገባም፤ ይሁን እንጂ የሚነሣ ሰው ስሙ በውድቀቱ አይጠራም። ያሬድም ዛሬ የሚታወሰው በሸሸበት ቀን ሳይሆን በተመለሰበት ነው።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።