ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፦ የሰንደቅ ዓላማው ክብርና የባርነቱ ዕዳ

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማት በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ላይ እንዲውሉ ያደረጉት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን አልጋ ያዙ።

ከጎጃም ጋር ያፎካከራቸው ከዓባይ ማዶ ያለው ሀብት ነበር። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው በጎጃም ገበያዎች በኩል ወደ ሰሜን ይሻገር ነበር፤ በዚያው መንገድ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ይነዱ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በተደረገው ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ሲማረኩ፣ የበላይነቱ ወደ ምኒልክ ዞረ።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የባርያ ንግድን የሚከለክል ዐዋጅ ቢያወጡም፣ በ1887 ዓ.ም. በተካሄደው የወላይታ ዘመቻ በርካታ ሰዎች ተማርከው በባርነት ተወስደዋል፤ ከምርኮውም ለቤተ መንግሥቱ ድርሻ ደርሷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ተገኘ፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱ ቀለማት በአንድ ሰንደቅ ተጣመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ ሰንደቅ ዓላማው ሌሎች ባለቤቶችን አገኘ። በጠላት ወረራ ዘመን የጎጃም አርበኞች ያለ ደመወዝና ያለ መንግሥት ስንቅ ተዋደቁለት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቁን ሰቅለው በጎጃም በኩል ወደ መናገሻቸው ሲያመሩ፣ የጠላት ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሸሸ፤ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም አገኘች። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በታወጀው ሕግ ባርነት ተሻረ። ይህም ሰንደቁ ከተጣመረ ከ44 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማው የአንድ ንጉሥ ንብረት ሆኖ አልቀረም፤ የንጉሡ ሥራ ግን በሰንደቁ ክብር ሊሸፈን አይገባም። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በወላይታ ሶዶ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሰንደቅ የሚሰቅል ሠራተኛ፣ የአርበኞችንም ሆነ በባርነት የተነዱትን ሰዎች ልጆች እኩል ያገለግላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሦስቱን ቀለማት ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው በባርነት እንዳይያዝ ከልክሏል። ሰንደቁን በሙሉ ልብ ማክበር የሚቻለው ሁለቱ አንቀጾች አብረው ሲከበሩ ነው።