ማልኮም ኤክስ በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ መታወቂያውን ዶርም ረስቶ ከግቢ ወጥቶ ሳለ ተያዘና አንድ ሌሊት ጣቢያ አደረ። ወሬውን እንደሰማን አሥራ አምስት የምንሆን ልጆች ተሰብስበን ሄድን። ግማሻችን ተቆጣን፣ ግማሻችን ለመንን፣ አንዳንዶቻችን ስልክ አውጥተን ዘመድ መፈለግ ጀመርን። በምን ምክንያት እንደተያዘ፣ መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ ገብተን ልናየው እንደምንችል በሥርዓት የጠየቀ ግን አልነበረም። ጠዋት ተለቀቀ፤ አልሐምዱሊላህ። እኛን ግን አንድ ነገር ከነከነን። በመድረሳ የውዱእን ፈርዶች በቃላችን ሸምድደናል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሥነ ዜጋ ተፈትነን ጥሩ ውጤት አምጥተናል። በዚያች ሌሊት ግን ከሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ እንኳ ትዝ ያለው ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

ለዚህ ነው በዚህ እትም የአንድ ሰው ታሪክ ልናካፍላችሁ የወደድነው። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፎቶውንም በየዶርሙ ግድግዳ ላይ አይተናል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ኃይለኛ ተናጋሪነቱን ነው። እኛ ግን ዛሬ ማየት የፈለግነው ከፖሊስና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ምን ያደርግ እንደነበር ነው።

መንግሥት የበተነው ቤት

ማልኮም ሊትል እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1925 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኧርል ሊትል የባፕቲስት ሰባኪና የማርከስ ጋርቪ ንቅናቄ ደጋፊ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን ተዛውሮ በላንሲንግ ከተማ ሲኖር በ1929 ቤታቸው ተቃጠለ። በ1931 አባትየው በከተማ ባቡር ሐዲድ ላይ ተገጭቶ ሞተ። ባለሥልጣናቱ አደጋ ነው ብለው መዘገቡት፤ ቤተሰቡ ግን በነጭ ዘረኞች እንደተገደለ ያምን ነበር። ማልኮም ያን ጊዜ ገና ስድስት ዓመቱ ነው።

እናቱ ሉዊዝ ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ታገለች። የድጎማ ቢሮ ሠራተኞች በየጊዜው ወደ ቤቷ እየመጡ ይጠይቃሉ፣ ልጆቹን ይመረምራሉ፣ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ሴትዮዋ አእምሮዋ ታወከና በ1939 ሆስፒታል ገባች፤ ከሃያ ዓመት በላይም እዚያው ቆየች። ልጆቹ በፍርድ ቤት ውሳኔ በየቤቱ ተበተኑ። ማልኮም ኋላ ላይ ሕይወቱን ሲተርክ ቤተሰባቸውን ያፈረሰው ድህነቱ ብቻ ሳይሆን እነሱን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ፋይል የሚያይ መሥሪያ ቤት መሆኑን ደጋግሞ አንስቷል። መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በልጅነቱ ነው የተማረው።

እስር ቤት የተጻፉት ደብዳቤዎች

ወጣትነቱ በቦስተንና በኒውዮርክ በስርቆትና በአደንዛዥ ዕፅ አለፈ፤ ይህን እኛም አንደብቀውም፣ እሱም አልደበቀውም። የሰረቀውን ሰዓት ሊያሠራ ሰጥቶ ሊወስድ ሲመለስ ተያዘ። በ1946 ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ ዕድሜው ገና ሃያ ነበር። በማሳቹሴትስ እስር ቤቶች ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ።

እዚያ ሆኖ ነው ያነበበው። መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ እየገለበጠ ቃላት ተማረ፤ ወደ ኖርፎክ እስር ቤት ሲዛወር ትልቅ ቤተ መጻሕፍትና የክርክር ቡድን አገኘ። ወንድሞቹና እህቶቹ በጻፉለት ደብዳቤም «ኔሽን ኦፍ ኢስላም» የተባለውን ድርጅት ተቀላቀለ። ይህ ድርጅት በዚያ ዘመን ያስተምረው የነበረው ከትክክለኛው የኢስላም ዓቂዳ የራቀ እንደነበር አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ማልኮምም ኋላ ትቶታል።

ለርዕሳችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። እሱና ጓደኞቹ የአሳማ ሥጋ የሌለበት ምግብ፣ ለጸሎትም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸውን በግርግር አላቀረቡም፤ ለኃላፊዎች ደብዳቤ ጻፉ። ታሳሪ ሰው ከነጻነቱ ብዙ ቢነጠቅም ሃይማኖቱ አብሮ አይወሰድበትም የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ዘንድ ገና አልጸናም ነበር። ዓመታት አለፉና በ1962 በኒውዮርክ ግዛት የአቲካ እስር ቤት ሙስሊም ታሳሪዎች ስለ አምልኮ መብታቸው ሲከሱ ማልኮም በቡፋሎ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረላቸው። በ1964 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቶማስ ኩፐር የተባለ የኢሊኖይ ታሳሪ በሃይማኖቱ ምክንያት ደረሰብኝ ያለውን በደል በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል ወሰነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ታስሮ ቁርኣን የሚቀራ ሰው የእነዚያ ሰዎች የሙግት ፍሬ ተጠቃሚ ነው።

ሐርለም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1957

ማልኮም በ1952 በአመክሮ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ በኒውዮርክ ሐርለም ሰፈር የድርጅቱ መሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1957 ማታ ፖሊሶች አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲደበድቡ ጆንሰን ሒንተን የተባለ ሙስሊም አይቶ ተቃወመ። ዱላው ወደ እሱ ዞረ፤ ራሱን ክፉኛ ተፈንክቶ ወደ ጣቢያ ተወሰደ።

ማልኮም ወሬው እንደደረሰው ወደ ጣቢያው ሄደ። አብረውት የመጡት ወንድሞች ኮት ለብሰው በሥርዓት ተሰልፈው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ውጭ ቆሙ። የሰፈሩ ሰው ይህን እያየ ተሰበሰበ። ማልኮም ገብቶ ሒንተንን ማየት እፈልጋለሁ አለ። መጀመሪያ እዚህ የለም አሉት፤ ቀጥሎ አለ፣ ግን ማየት አይቻልም አሉት። አልተሳደበም፣ አልለመነምም። ሰውየውን እስካላየ፣ ሕክምናም እስካላገኘ ድረስ ውጭ ያሉት ሰዎች እንደማይንቀሳቀሱ ብቻ ነገራቸው። ገብቶ ሲያየው በደም ተነክሮ አገኘው፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ አለ። አምቡላንስ ተጠራና ወደ ሐርለም ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሕዝቡም ተከተለ።

ሒንተን ታክሞ ወደ ጣቢያው ሲመለስ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው እጅግ ብዙ ሆኖ ነበር። ፖሊሶቹ ሕዝቡ እንዲበተን ቢፈልጉም የሚሰማቸው አጡ። ማልኮም ጠበቃ መኖሩን፣ የሕግ ሂደቱም መጀመሩን ካረጋገጠ በኋላ ወጥቶ በእጁ አንድ ምልክት ሰጠ። ያ ሁሉ ሰው ድንጋይ ሳያነሳ፣ ሳይጮህ ተበተነ።

ነገሩ በዚያች ሌሊት አላለቀም። የደበደቡት ፖሊሶች በወንጀል አልተከሰሱም። ሒንተን ግን ከተማውን በፍትሐ ብሔር ከሶ ወደ 70 ሺህ ዶላር ካሳ ተፈረደለት፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ፖሊስ በበኩሉ የማልኮምን የቀድሞ መዝገብ ከሌሎች ከተሞችና ከእስር ቤቶች ማሰባሰብ ጀመረ። ሕግን አውቆ በሥርዓት የሚቆም ሰው ከሚጮኸው ይልቅ እንዳሳሰባቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማዘዣው የታለ?

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1958፣ መርማሪ ፖሊሶች በኩዊንስ ወደሚገኘው የማልኮም መኖሪያ ቤት መጡ። የሚፈልጓት አንዲት ሴት እዚያ አለች ብለው ነው። በሩን የከፈተችው ሴት የፍርድ ቤት ማዘዣ ከሌላችሁ መግባት አትችሉም ብላ ከለከለቻቸው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት ቤት መፈተሽን ስለሚከለክል አባባሏ ከሕግ የመነጨ ነበር። በኋላ ግን ፖሊሶቹ በጉልበት ገቡና ግጭት ተነሳ። የማልኮም ባለቤት ቤቲ ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ ከሌሎች ጋር ተይዛ ተከሰሰች። በ1959 ጉዳዩ ችሎት ቀርቦ ቤቲ በነጻ ተሰናበተች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። በር ላይ የቆመችው ሴት ትክክል ነበረች፤ ሆኖም መብቷን ማወቋ ግጭቱን አላስቀረውም። ታዲያ ምን ጠቀመ? ጥቅሙ ችሎት ላይ ታየ። በር ላይ የተባለው ነገር፣ የሌለው ማዘዣ፣ የነበሩት ምስክሮች ሁሉ ከወራት በኋላ መከላከያ ሆኑ። መብት ሁልጊዜ በሩ ላይ አያድንም፤ አንዳንዴ የሚያድነው ዳኛ ፊት ነው። ለዚያ ግን በሩ ላይ መጠየቅና የተደረገውን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ያልተሳካላቸውም ጊዜ አለ። በሚያዝያ 1962 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከመስጊዳቸው አጠገብ በተነሳ ግጭት ሮናልድ ስቶክስ የተባለውን ወንድም ተኩሶ ገደለው። መሣሪያ አልያዘም ነበር። መርማሪዎቹ ግድያው ተገቢ ነበር ብለው ወሰኑ፤ ይባስ ብሎ የተከሰሱት ሙስሊሞቹ ሆኑ። ማልኮም በዚህ እጅግ አዘነ፤ ከድርጅቱ ጋር የተፈጠረበትን ቅሬታ ካባባሱት ነገሮችም አንዱ ይህ ነበር።

ከሐጅ እስከ አፍሪካ

በመጋቢት 1964 ከድርጅቱ ወጣ። በሚያዝያ ወር ሐጅ አደረገ፤ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ኢሕራም ለብሶ አንድ ሰፍ ላይ ሲቆም አይቶ ስለ ዘር ያለውን አመለካከት ለወጠ። አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ ተብሎም ተጠራ።

ስለ መብት ያለው ሐሳብም ሰፋ። የዜግነት መብት ብቻ ብትጠይቅ ዳኛህ የበደለህ መንግሥት ራሱ ነው፤ ሰብዓዊ መብት ብለህ ብትጠይቅ ግን ዓለም ሁሉ ምስክርህ ይሆናል የሚል ነበር ሙግቱ። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት እንዲቀርብ የአፍሪካ አገሮችን ለመነ። በግንቦት 1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሳሌ አድርጎ የራሱን ማኅበር አቋቋመ፤ በሐምሌ 1964 በካይሮው የመሪዎች ጉባኤ ላይ ማስታወሻ አቀረበ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባንም ጎብኝቷል፤ እኛ በምንረግጠው አፈር ላይ ተመላልሷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1965 ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ቤቱ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 21 ቀን፣ በኒውዮርክ አውዱቦን አዳራሽ ንግግር ሊጀምር ሲል በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 39 ነበር። አላህ ይማረው።

ከሞተ በኋላ የተከፈተው መዝገብ

በግድያው ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። አንዱ ጥፋቱን አምኖ ሁለቱ እንደሌሉበት በችሎት ተናገረ፤ የሰማው አልነበረም። ሙሐመድ አዚዝና ኸሊል ኢስላም ከሃያ ዓመት ያላነሰ ታሰሩ። በኅዳር 2021 ፍርድ ቤት ፍርዳቸውን ሰረዘ፤ ኤፍ.ቢ.አይ. እና የኒውዮርክ ፖሊስ ለእነሱ የሚጠቅም ማስረጃ ይዘው ሳያቀርቡ እንደቀሩ ተረጋግጦ ነበርና። ኸሊል ኢስላም ይህን ሳያይ በ2009 ሞቷል። በ2022 የኒውዮርክ ከተማና ግዛቱ በድምሩ 36 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማሙ። ገንዘቡ ያለፈን ዕድሜ አይመልስም። ስማቸው ግን በጠበቆችና በታሪክ አጥኚዎች ትዕግሥት፣ ወረቀት በወረቀት እየተፈለገ ነጻ።

እኛስ?

አሜሪካ ሌላ አገር ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። እኛም ግን የራሳችን የተጻፈ ሕግ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ ወዲያው እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ እንዲያምንም እንዳይገደድ ይላል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ መገመቱን ይደነግጋል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቤተሰቡ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። አንቀጽ 26 ደግሞ ቤታችንን፣ ሰውነታችንንና ንብረታችንን ያለ ሕግ ከመፈተሽ ይጠብቃል።

እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ድልድይ ጥንካሬው የሚለካው ጭነት ሲያርፍበት ነው። እነዚህ አንቀጾችም እንደዚያው ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ቢያዝ አሥራ አምስት ሆነን አንጮህም። ሁለት ሰው ይገባል፤ በአክብሮት ጋሼ ወይም እትዬ ብሎ ለምን እንደተያዘና መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ይጠይቃል። አንዱ የሰዓቱን፣ የተረኛውን ስምና የተባለውን ይጽፋል። አንዱ ለቤተሰቡ ይደውላል፣ አንዱ ጠበቃ ይፈልጋል። የቀረነው በጸጥታ እንጠብቃለን፣ ዱዓም እናደርጋለን። ፖሊሱም የሰው ልጅ፣ የእናት ልጅ መሆኑን አንረሳም።

አላህ ለፍትሕ ቀጥ ብለው ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።